የኤሮስፔስ መሐንዲስ ለመሆን፦ ከመጀመሪያው ስሌት እስከ ሥዕሉ ፊርማ

አንድ የአውሮፕላን ክፍል የሚሠራበት የንድፍ ሥዕል በቀኝ ግርጌው ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ ይይዛል። በሠንጠረዡ ውስጥ ሥዕሉን ያዘጋጀው፣ ስሌቱን የመረመረውና ሥራው እንዲቀጥል የፈቀደው ሰው ስም ከነቀኑ ይሰፍራል። ወደ ኤሮስፔስ ምሕንድስና ለመግባት የሚያስብ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚያልመው ሮኬቱን፣ ክንፉንና ሞተሩን ነው፤ እኔ ግን ይህን መመሪያ ከዚያች ሠንጠረዥ እጀምራለሁ። የሙያው ትምህርትም ሆነ ከትምህርቱ በኋላ ያለው የሥራ ዘመን በጠቅላላ፣ ሌላ ሰው ሊመረምረው የሚችል ሥራ ሠርቶ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ስምን ያለ ፍርሃት ማስፈር የሚያስችለውን ብቃት የማዳበር ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሙያውን በትክክል መረዳት

ኤሮስፔስ ምሕንድስና በሁለት ትልልቅ ዘርፎች ይከፈላል። ኤሮኖቲክስ በከባቢ አየር ውስጥ የሚበሩትን አውሮፕላኖች፣ ሄሊኮፕተሮችና ድሮኖች ሲመለከት፣ አስትሮኖቲክስ ደግሞ ሮኬቶችን፣ ሳተላይቶችንና የጠፈር መንኮራኩሮችን ይመለከታል። አውሮፕላን ከአየር ጋር ተስማምቶ የሚኖር መሣሪያ ነው፤ ክንፉ አንሺ ኃይሉን ከአየሩ ያገኛል፣ ሞተሩም ነዳጁን የሚያቃጥልበትን ኦክስጅን ከዚያው ከአየሩ ይስባል። ሮኬት ግን ነዳጁን ብቻ ሳይሆን የማቃጠያውን ኦክስጅን ጭምር ተሸክሞ መነሣት ስላለበት ከክብደት ጋር ያለው ትግል እጅግ የከረረ ነው።

የዚህን ትግል መጠን ለመረዳት ከሁሉ የሚሻለው ኮንስታንቲን ጽዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳተመውን የሮኬት እኩልነት በገዛ እጅ አስልቶ ማየት ነው። የሮኬቱ የፍጥነት ለውጥ የሚገኘው የመነሻው ክብደት ለመጨረሻው ክብደት ተካፍሎ፣ የውጤቱ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ከሞተሩ በሚወጣው ጋዝ ፍጥነት ሲባዛ ነው። በዝቅተኛ የምድር ምህዋር ላይ የሚዞር ሳተላይት በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በመውጫው ላይ የአየሩ መጎተትና የምድር ስበት የሚወስዱት ሲታከልበት ሮኬቱ በሰከንድ 9.4 ኪሎ ሜትር ያህል የፍጥነት ለውጥ ማምጣት ይጠበቅበታል። በኬሮሲን የሚሠራ ሞተር ጋዙን በሰከንድ 3.3 ኪሎ ሜትር ያህል ያስወጣል ብለን ብንነሣ፣ የመነሻው ክብደት ከመጨረሻው ክብደት 17 እጥፍ ገደማ መሆን አለበት ማለት ነው። በሌላ አነጋገር 100 ቶን ከሚመዝን ባለ አንድ እርከን ሮኬት ውስጥ 94 ቶኑ የሚቃጠል ነገር ይሆናል፤ በቀሪው 6 ቶን ውስጥ ደግሞ ታንኩ፣ ሞተሩ፣ ኮምፒውተሩና ጭነቱ መጠቃለል አለባቸው። ሮኬቶች ባዶ የሆነውን እርከን እየጣሉ የሚወጡት ለምን እንደሆነ ይህች አጭር ስሌት ብቻዋን ታስረዳለች። ይህን ስሌት ሠርተው ሲጨርሱ ልብዎ ከተነሣሣና ሌላ ሞተር፣ ሌላ ነዳጅ ቢሆንስ ብለው ቁጥሮቹን መለዋወጥ ከጀመሩ፣ ለሙያው የሚሆን ዝንባሌ እንዳለዎት ጥሩ ምልክት ነው።

በሁለቱ ዘርፎች ውስጥ ብዙ የሥራ ክፍሎች አሉ፦ የአየር ፍሰትን የሚያጠናው ኤሮዳይናሚክስ፣ የአካሉን ጥንካሬ የሚያሰላው የስትራክቸር ክፍል፣ የሞተር ክፍል፣ የበረራ ቁጥጥር፣ አቪዮኒክስ (የአውሮፕላኑ ኤሌክትሮኒክስ) እና ሶፍትዌር፣ የሙቀት አጠባበቅ፣ ሙከራ፣ ምርት፣ የደኅንነት ማረጋገጫ፣ እንዲሁም እነዚህን ሁሉ የሚያስተሳስረው ሲስተምስ ኢንጂነሪንግ። አንድ ሰው ሁሉንም አይችልም፤ ሆኖም አንዱ ክፍል የሌላውን ችግር ካልተረዳ ሥራው አይሳካም። በማርስ ላይ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 2021 ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣችውን ኢንጅኒዩቲ የተባለች ትንሽ ሄሊኮፕተር እንውሰድ። የማርስ አየር እፍጋቱ ከምድር አየር 1 ከመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ የኤሮዳይናሚክስ ሰዎች ረጃጅም ክንፎችና ፈጣን ሽክርክሪት ይፈልጋሉ፤ የስትራክቸር ሰዎች ግን ረጅምና ፈጣን ክንፍ ግትር ካልሆነ እንደሚርገበገብ ያውቃሉ፤ ግትርነት ክብደት ይጨምራል፤ ክብደት ባትሪ ይበላል፤ ባትሪው ደግሞ ሌሊቱን ከመቀዝቀዝ የሚጠብቅ ሙቀት ይሻል። የዚህ ሁሉ ድርድር ውጤት ክንፎቿ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.2 ሜትር የሆኑ፣ በደቂቃ ከ2,400 ጊዜ በላይ የሚሽከረከሩ፣ 1.8 ኪሎ ግራም የምትመዝን መሣሪያ ሆነች። ለ5 በረራዎች ታስባ 72 ጊዜ በረረች። ወደ ሙያው ሲገቡ የሚጠብቅዎ የየዕለት ሥራ ይህ ድርድር ነው።

በትምህርት ቤት ምን ላይ ማተኮር ያስፈልጋል

በሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለ ተማሪ ሒሳብና ፊዚክስን በጥልቀት፣ ኬሚስትሪን ደግሞ በቂ በሆነ ደረጃ ሊይዝ ይገባዋል። በዩኒቨርሲቲ የሚጠብቁት መሠረታዊ ትምህርቶች ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ስታቲክስ፣ ዳይናሚክስ፣ ቴርሞዳይናሚክስና ፍሉይድ ሜካኒክስ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ተማሪዎች ፈተናውን ካለፉ በኋላ የሚረሱት ስታቲክስን ነው፤ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። በአንድ አካል ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች ሁሉ በትክክል ሥሎ ማሳየት የማይችል ሰው በኋላ የሚጠቀምበት ውድ ሶፍትዌር አያድነውም። ስለዚህ ስታቲክስን ደጋግመው ይሥሩት፤ ድልድይ፣ ወንበር፣ የበር ማጠፊያ፣ ያገኙትን ነገር ሁሉ በወረቀት ላይ ከአካባቢው ነጥለው ኃይሎቹን ይሣሉበት።

ከትምህርቱ ይዘት እኩል የሚያስፈልገው የአሠራር ልማድ ነው። የመጀመሪያው ልማድ መለኪያን ከቁጥር አለመለየት ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1999 ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው መንኮራኩር ማርስ ደርሳ የጠፋችው በዚህ ምክንያት ነበር። በምድር ላይ የነበረ አንድ ሶፍትዌር የትንንሾቹን ሞተሮች ግፊት በፓውንድ-ሰከንድ ሲያወጣ፣ ተቀባዩ ክፍል ቁጥሩን በኒውተን-ሰከንድ እንደተጻፈ አድርጎ ወሰደው፤ በሁለቱ መካከል የ4.45 እጥፍ ልዩነት አለ። ለወራት በጥቂት በጥቂቱ የተጠራቀመው ስህተት መንኮራኩሯን ከታሰበው 226 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይልቅ ወደ 57 ኪሎ ሜትር አወረዳትና ከባቢ አየሩ ውስጥ ገባች። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ የስህተቱ ቀላልነት ብቻ አይደለም፤ በጉዞው ላይ እያለች ቁጥሮቹ እንዳልተስማሙ ያስተዋሉ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ጥርጣሬያቸው ግን በመደበኛው መንገድ ተመዝግቦ እስከ መጨረሻው ክትትል አልተደረገበትም። ከመጀመሪያው የቤት ሥራ ጀምሮ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ መለኪያውን የሚጽፍ፣ በስሌቱ መካከልም መለኪያዎቹ እየተጣፉ መሄዳቸውን የሚፈትሽ ተማሪ ወደ ሥራ ሲገባ ይህ ልማዱ ከእጁ አይለይም።

ሁለተኛው ልማድ ከማስላት በፊት መገመት ነው። መልሱ በአስር ቤት ነው ወይስ በሺህ ቤት ብሎ አስቀድሞ በግምት የጻፈ ሰው፣ ኮምፒውተሩ ያልተጠበቀ ቁጥር ሲሰጠው ወዲያው ይነቃል። ሦስተኛው መነሻ ግምቶችን በግልጽ መጻፍ ነው። አየሩ አይጨመቅም፣ ምሰሶው በሁለት ጫፉ የተያዘ ነው፣ ሙቀቱ አይለወጥም ብለው ከነበረ ያንን በስሌቱ አናት ላይ ያስፍሩት፤ ሥራዎን የሚመረምረው ሰው በመጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነውና።

የዲግሪውን ስም በተመለከተ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ኤሮስፔስ የሚል ክፍል በሌለበት ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል ወይም ኮምፒውተር ምሕንድስና የተማረ ሰው ወደዚህ ሙያ የሚገባበት በር ሰፊ ነው፤ በመስኩ ላይ ያሉ ብዙ መሐንዲሶችም በዚያ የመጡ ናቸው። ሁለተኛ ዲግሪ በተለይ ለኤሮዳይናሚክስ፣ ለቁጥጥርና ለምህዋር ስሌት የሚጠቅም ሲሆን፣ ዶክትሬት ደግሞ ምርምርን ዋና ሥራው ለማድረግ ለወሰነ ሰው ነው። ካልፓና ቻውላ እ.ኤ.አ. በ1982 በህንድ በፑንጃብ የምሕንድስና ኮሌጅ የኤሮኖቲክስ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛ፣ በ1984 በአሜሪካ ሁለተኛ ዲግሪዋን፣ በ1988 ደግሞ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን አግኝታ በናሳ ኤይምስ የምርምር ማዕከል የአየር ፍሰትን በኮምፒውተር የማስላት ሥራ ጀመረች። ወደ ጠፈር የሄደችው ከዚያ በኋላ፣ በ1997 ነው። በ2003 ኮሎምቢያ በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር አደጋ ሕይወቷ ያለፈውን ይህችን መሐንዲስ ሰዎች የሚያስታውሷት በጠፈርተኛነቷ ቢሆንም፣ ለጠፈርተኛነት ያደረሳት መንገድ ዓመታት የፈጀው ጸጥተኛ የስሌት ሥራዋ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

በእጅ መሥራት

ከትምህርት ቤቱ ጎን ለጎን በእጅዎ አንድ የሚበር ነገር ይሥሩ። ከወረቀት ሰሌዳና ከቀላል እንጨት የተሠራ ሞተር አልባ አውሮፕላን ለመጀመሪያው በቂ ነው። ከመወርወርዎ በፊት የክብደቱ ማዕከል የት እንዳለ ይለኩ፣ ስንት ሜትር እንደሚሄድ በስሌት ይተንብዩ፣ ሃያ ጊዜ ወርውረው ይመዝግቡ፤ ከዚያም ትንበያውና ልኬቱ ለምን እንዳልተስማሙ ሁለት ገጽ ይጻፉ። እነዚያ ሁለት ገጾች ከአውሮፕላኑ ይበልጣሉ። ያልተስማማ ውጤትን ሳይደብቁ የሚያብራሩ ገጾች በሥራ ቅጥር ላይ ጥሩ ከበረረ አውሮፕላን ፎቶግራፍ የበለጠ ክብደት አላቸው።

ለዚህ አሠራር ከራይት ወንድማማቾች የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1901 የሠሩት ሞተር አልባ አውሮፕላን በወቅቱ የታወቁት ሠንጠረዦች የሚሰጡትን ያህል አንሺ ኃይል አልሰጣቸው ሲል፣ ወደ ብስክሌት ሱቃቸው ተመልሰው ትንሽ የነፋስ ዋሻ፣ ማለትም ክንፍን በሚነፍስ አየር የሚፈትሹበት ሣጥን፣ ሠሩ። የመለኪያ ሚዛኑን ከመጋዝ ስለትና ከብስክሌት ሽቦ አበጁ፤ ወደ 200 የሚጠጉ የክንፍ ቅርጾችንም ፈተሹ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 ለ12 ሰከንድ ያህል የተበረረው በረራ የድፍረት ብቻ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በፊት በዚያች ሣጥን ውስጥ በጥንቃቄ የተሰበሰቡ ቁጥሮች ፍሬ ነበር።

ዛሬ የተማሪ መሣሪያ ከዚያ ጊዜ ጋር ሲነጻጸር እጅግ የተትረፈረፈ ነው። የክንፍ ቅርጽን የሚተነትነው ኤክስፎይል፣ የአየር ፍሰትን የሚያሰላው ኦፕንፎም፣ የትንንሽ ሮኬቶችን በረራ የሚተነብየው ኦፕንሮኬት፣ ናሳ ለምህዋር ስሌት ያዘጋጀው ጂማት፣ እንዲሁም ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሁሉም በነጻ ይገኛሉ። ናሳና ከእሱ በፊት የነበረው ተቋም ያዘጋጇቸው እጅግ ብዙ የምርምር ሪፖርቶችም ለማንም ክፍት ናቸው፤ የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ ሪፖርቶች በተለይ በንጹሕ አጻጻፋቸው ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት ቤት ናቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ኮምፒውተር የተሳሳተውንም ስሌት በሚያማምሩ ቀለማት ያሳያል። አንድን ውጤት ከማመንዎ በፊት መልሱ በእጅ ስሌት የታወቀ ቀላል ጥያቄ ለሶፍትዌሩ ያቅርቡለት፤ ያንን በትክክል ካልመለሰ ከባዱን አይጠይቁት።

የሮኬት ነዳጅን በቤት ውስጥ መቀላቀል ፈጽሞ አይሞከር። ፋብሪካ የሠራቸውን ትንንሽ ሞተሮች ፈቃድ ባለው ክበብ ውስጥ፣ ልምድ ባለው ሰው ክትትል ሥር መጠቀም ብቻ ነው ትክክለኛው መንገድ። ወደ ሳተላይት ለሚያዘነብል ተማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን የተፀነሰው፣ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነው ኩብሳት የተባለ ትንሽ ሳተላይት ጥሩ መግቢያ ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪ ቡድን ሠርተው አስወንጭፈዋል። በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ የሚያምረውን ሥራ ከመሻማት ይልቅ ማንም የማይፈልገውን፣ የገመዶችን ዝርዝር ወይም የክብደት ሒሳብ መያዝን ቢወስዱ ይመረጣል። የክብደቱን ሒሳብ የሚይዘው ተማሪ ከሁሉም ክፍል ጋር ስለሚነጋገር በአንድ ዓመት ውስጥ መሣሪያውን በሙሉ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ሥራ

ለሥራ ሲያመለክቱ የሠሩትን በአጭሩ የሚያሳይ የሥራ ማኅደር ያዘጋጁ፤ እያንዳንዱ ሥራ ጥያቄው ምን እንደነበር፣ እርስዎ ራስዎ የሠሩት የትኛውን ክፍል እንደሆነ፣ ውጤቱ በቁጥር ምን እንደሆነና ምን እንዳልተሳካ ይግለጽ። ጠያቂዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ ምሰሶ ሥለው ከፍተኛው ጭንቀት (ጭነቱ በቁሱ ውስጥ የሚፈጥረው ጫና) የት ነው ይላሉ፤ ቀላል ትመስላለች፤ ነገር ግን የአውሮፕላን ክንፍ በመሠረቱ ያው ምሰሶ ነው። መልሱን የማያውቁት ጥያቄ ሲመጣ እንደማያውቁት ተናግረው፣ ለማወቅ ከየት እንደሚጀምሩ ጮክ ብለው ያስቡ። በዚህ ሙያ ውስጥ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ የሚናገር ሰው አደገኛ ስለሆነ፣ ጠያቂው ይህንን ጠባይ አጥብቆ ይፈልጋል።

ከዜግነት ጋር የተያያዘ አንድ እውነታ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ኢታር የሚባለው የመሣሪያ ወጪ ንግድ ደንብ ከመከላከያ ጋር የተያያዙ ቴክኒካዊ መረጃዎችን የአገሪቱ ዜጋ፣ ቋሚ ነዋሪ ወይም በሕግ ጥበቃ የተሰጠው ስደተኛ ላልሆነ ሰው ያለ ፈቃድ ማካፈልን ይከለክላል፤ ሮኬቶችና የተወሰኑ የጠፈር መሣሪያዎች በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ ኩባንያዎች ብቃት ያለውን የውጭ አገር ዜጋ እንኳ መቅጠር አይችሉም። ስለዚህ የት እንደሚማሩ ከመወሰንዎ በፊት በዚያ አገር መሥራት ይፈቀድልዎ እንደሆነ ይመርምሩ። የመንገደኛ አውሮፕላን ሥራ፣ የአየር መንገዶች የጥገና ምሕንድስና ክፍል፣ የመለዋወጫ አምራቾች፣ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎችና የሳተላይት መረጃ ትንተና በአንጻሩ ሰፋ ያለ በር አላቸው። በተለይ የጥገና ምሕንድስናን ዝቅ አድርጎ ማየት ስህተት ነው፤ አውሮፕላን በእርግጥ የሚያረጀው፣ የሚሰነጠቀውና የሚዝገው የት እንደሆነ እንደ ጥገና መሐንዲስ የሚያውቅ ነዳፊ የለም።

የሥራው ዕለታዊ ገጽታ

ሥራ የጀመረ መሐንዲስ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሳልፈው በማንበብ ነው፦ የመስፈርት ሰነድ፣ የቀድሞ ስሌት፣ የሙከራ ሪፖርት፣ የአየር ብቃት ደንብ። ቀኑ በስብሰባ፣ በትንተና፣ ከፋብሪካ በሚመጡ ጥያቄዎችና በሪፖርት ጽሕፈት ይከፋፈላል። መጻፍ የማይወድ ሰው እዚህ ይቸገራል፤ ያልተጻፈ ስሌት እንዳልተሠራ ይቆጠራልና።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ቦይንግ 787 በይፋ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በታኅሣሥ 2009፣ መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው ደግሞ በጥቅምት 2011 ነው። በእንዲህ ያለ ፕሮጀክት ውስጥ አንድ መሐንዲስ ዓመታትን በአንድ በር ወይም በአንድ የቧንቧ ማያያዣ ላይ ሊያሳልፍ ይችላል። ይህንን መታገሥ የሚያስችለው ያች ማያያዣ ብትበጠስ ምን እንደሚሆን ማወቅ ነው።

የደንቡ አስተሳሰብ በሁለት ቁጥሮች ሊገለጽ ይችላል። አንደኛው 1.5 ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን አካል በአገልግሎት ዘመኑ ይገጥመዋል ተብሎ የሚጠበቀውን ከፍተኛ ጭነት በ1.5 አባዝተው ሲጭኑበት ቢያንስ ለ3 ሰከንድ ሳይሰበር መቆየት አለበት። እ.ኤ.አ. በጥር 1995 የቦይንግ 777 ክንፍ ሆን ተብሎ እስኪሰበር ሲጫን የተሰበረው በ154 ከመቶ ላይ ነበር። ከ150 በጥቂቱ አልፎ መሰበሩ የስሌቱን ጥራት ያሳያል፤ በ145 ቢሰበር ደካማ ነው፣ በ200 ቢሰበር ደግሞ አውሮፕላኑ ዕድሜውን ሙሉ የማያስፈልገውን ክብደት ተሸክሞ ይኖር ነበር። ሁለተኛው ቁጥር ከአንድ ቢሊዮን አንድ ነው። አውሮፕላኑን ከነተሳፋሪው ሊያጠፋ የሚችል የሥርዓት ብልሽት በአንድ የበረራ ሰዓት ውስጥ የመከሰት ዕድሉ ከዚህ እንዳይበልጥ፣ በአንድ ነጠላ ብልሽት ብቻም እንዳይከሰት መረጋገጥ አለበት።

አደጋዎችን ማጥናትና ሥጋትን መናገር

እያንዳንዱ ጀማሪ የአደጋ ምርመራ ሪፖርቶችን የንባቡ ቋሚ ክፍል እንዲያደርግ አጥብቄ እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1954 በጥርና በሚያዝያ ሁለት ኮሜት የተባሉ ጄት አውሮፕላኖች በአየር ላይ ተበታትነው ሲወድቁ፣ በእንግሊዝ በፋርንቦሮ አንድ ሙሉ ኮሜት በውኃ ታንክ ውስጥ አስገብተው ገላዋን ደጋግመው በግፊት ሞሉትና አስተነፈሱት። ውኃ የተመረጠው ከአየር በተለየ ስለማይጨመቅ፣ አካሉ ሲቀደድ ፍንዳታ ስለማይፈጥርና የስንጥቁን መነሻ ሳያጠፋ ስለሚያሳይ ነው። ከ3,000 ያህል በረራዎች ጋር በሚመጣጠን ድግግሞሽ ገላው ከመስኮት መሰል ክፍተት ማዕዘን ጀምሮ ተቀደደ። የብረት ድካም፣ ማለትም ብረት በሚደጋገም ጭነት ቀስ በቀስ መሰንጠቁ፣ ለንድፍ ሥራ ዋና መነሻ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሪያን 5 እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 በመጀመሪያ በረራዋ ከ40 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የጠፋችው ከአሪያን 4 የተወሰደ ሶፍትዌር ለአዲሱ ሮኬት ፈጣን ጉዞ ጠባብ በሆነ ባለ 16 ቢት ቦታ ውስጥ ትልቅ ቁጥር ለማስገባት ስለሞከረ ነው። ቀድሞ የሠራ ነገር በአዲስ ሁኔታም ይሠራል የሚለው ግምት አልተፈተሸም ነበር። በ2018 እና በ2019 የ346 ሰዎችን ሕይወት ያጠፉት የሁለቱ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኖች አደጋዎች ደግሞ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት በአንድ ሴንሰር ብቻ ላይ ተመርኩዞ ይሠራ እንደነበር አሳይተዋል። ከላይ ያነሣሁት የነጠላ ብልሽት ደንብ ስንት ሕይወት እንደሚያህል ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አያስፈልግም።

ከሁሉ የከበደው ትምህርት ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ናት። ሮጀር ቦይዥሊ የተባለው መሐንዲስ የሮኬቱ መገጣጠሚያ ጎማዎች ሊያስከትሉ ስለሚችሉት አደጋ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1985 በጽሑፍ አስጠንቅቆ ነበር፤ ከመወንጨፉ በፊት በነበረው ምሽትም እሱና ባልደረቦቹ ብርዱ ጎማዎቹን እንደሚያደነድናቸው ተከራከሩ። አልተሰሙም፤ መንኮራኩሯም ጥር 28 ቀን 1986 በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ከ7 ሰዎች ጋር ጠፋች። እነዚህ መሐንዲሶች ትክክል ነበሩ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ለምንመጣው የሚቀረው ግን ሥጋትን ለመስማት በማያመች መልክ እንዳናቀርብ መጠንቀቅ ነው። ሥጋት ሲገጥምዎ በዚያው ቀን ይጻፉት። ምን እንዳዩ፣ በየትኛው ሁኔታ ላይ አደጋ እንደሚሆን፣ ማስረጃው እስከ የት እንደሚደርስና የት እንደሚያበቃ፣ እንዲሁም ከአለቃዎ የሚጠይቁት ውሳኔ ምን እንደሆነ በግልጽ ያስፍሩ፤ መልስ ካላገኙ ወደሚቀጥለው ደረጃ ያድርሱት። ልብ የሚያስጨንቅ ሥራ ነው፤ የሙያው አካል ስለሆነ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በትንንሽ ጉዳዮች ላይ መለማመድ ያስፈልጋል።

ዓመታት ሲያልፉ

ከአምስት ወይም ከአስር ዓመት በኋላ ብዙ መሐንዲሶች ወደ አስተዳደር ለመሄድ ወይም በቴክኒክ ሥራ ለመጥለቅ ይወስናሉ። ሁለቱም የተከበሩ ናቸው፤ ለአስተዳደር ብቻ ሲባል የሚወዱትን ስሌት መተው ግን ግዴታ አይደለም። ሪቻርድ ዊትኮምብ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በላንግሌይ የምርምር ማዕከል ዘመኑን በነፋስ ዋሻ አጠገብ አሳልፏል፤ ሞዴሎቹን አንዳንዴ በእጁ እየሞረደ ቅርጻቸውን ይለውጥ ነበር። በድምፅ ፍጥነት አካባቢ የሚበሩ አውሮፕላኖች ወገባቸው ጠበብ እንዲል ያደረገው ሕግ፣ የዛሬዎቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ክንፍ የተመሠረተበት ቅርጽ፣ እንዲሁም በክንፍ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ የምትታየው ትንሽ ክንፍ በአብዛኛው የእሱ ሥራ ውጤቶች ናቸው። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ክፍሎቹ ወደሚሠሩበት ፋብሪካ አዘውትረው ይውረዱ፤ የነደፉትን ብሎን ለማሰር የሠራተኛው እጅ የማይገባበት ከሆነ ከስሌቱ ይልቅ ያ ሠራተኛ ፈጥኖ ያስረዳዎታል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥዕል ለፊርማ ጠረጴዛዎ ላይ ሲቀመጥ ቢቻል እንዲያድር ያድርጉት። በማግስቱ መለኪያዎቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ጭነቱ የመጣበት ሰነድ የመጨረሻው እትም መሆኑን ያረጋግጡ፤ ዋናውን ስሌት የቀድሞውን ሳያዩ በባዶ ወረቀት ላይ እንደገና ይሥሩት። የጻፏቸው መነሻ ግምቶች ዛሬም እውነት መሆናቸውን ይጠይቁ፤ ክፍሉን የሚገጥመውንና የሚጠግነውን ሰው ያነጋግሩ። ያልገባዎት አንድ ነጥብ እንኳ ከቀረ ሥዕሉን መልሱ እስኪገኝ ያቆዩት፤ የጊዜ ሰሌዳው ቢጣበብም ያቆዩት። ከቀረ ነገር ከሌለ ስምዎንና ቀኑን በሠንጠረዡ ውስጥ ይጻፉና ሥዕሉን ለመርማሪው ያስተላልፉ።